በሰው አገር ፊደል ያስቈጠሩ መምህራን

በአገራችን የቈየ ሥርዓት ተማሪ ወደ መምህሩ ይሄዳል እንጂ መምህር ወደ ተማሪው አይሄድም። ድጓ የፈለገ ወደ ቤተ ልሔም፥ ዝማሬ መዋሥዕት የፈለገ ወደ ዙር አምባ፥ ቅኔ የፈለገ ወደ ዋድላ ወይም ወደ ጎጃም፥ ደበሎውን ለብሶ አኩፋዳውን አንግቶ አገር አቋርጦ ይጓዛል፤ መምህሩም ከጉባኤው ተቀምጦ ይጠብቀዋል። በዚህ ጽሑፍ ለአንባብያን ላቀርብ ያሰብኩት ግን ይህ ሥርዓት ስለ ተገለበጠባቸው ጥቂት ኢትዮጵያውያን ነው። እነዚህ ሰዎች በተለያየ ምክንያት ከአገራቸው ወጥተው፥ ባሕር ተሻግረው፥ ቋንቋቸውን ከማያውቅ ሕዝብ መካከል ተቀምጠው ግእዝንና አማርኛን ያስተማሩ ናቸው። አብዛኞቹ ከቤታቸው ሲነሡ መምህር እንሆናለን ብለው አልተነሡም። የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልኝ እለምናለሁ።

እኔ የታሪክ ሊቅ አይደለሁም፤ ቀኑን ከፋይል ጋር የምውል የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ነገር ግን ስለ ኢትዮጵያ ቋንቋዎች በአውሮፓ የተጻፈው ሲነሣ ዘወትር የሚጠራው የደራሲዎቹ ስም ብቻ መሆኑ ያሳስበኛል። ሰው ያለ መምህር ፊደል አይለይም። እነዚያ ሊቃውንት «ሀ» ብለው ሲጀምሩ «ሁ» በል ያላቸው ሰው መኖር አለበት፤ ይህም ሰው ማን እንደ ነበረና በምን ሁኔታ እንደ ኖረ መጠየቅ ተገቢ ይመስለኛል።

ከሁሉ አስቀድሞ ሮማን ማንሣት ያስፈልጋል። ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በስተጀርባ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባል ቤተ ክርስቲያን አለ። በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ከነማደሪያው ለኢትዮጵያውያን መንፈሳውያን ተጓዦች የተሰጠ ሲሆን፥ ኢየሩሳሌምን ተሳልመው ወደ ሮማ የሚዘልቁ መነኰሳት የሚያርፉት በዚሁ ነበር። ዮሐንስ ፖትከን የሚባል ጀርመናዊ ካህን እነዚህ መነኰሳት በማያውቀው ልሳን ሲያዜሙ ሰምቶ ነገሩን ለመረዳት ተመኘ፤ ቶማስ ወልደ ሳሙኤል ከሚባሉ መነኵሴም ዘንድ ቋንቋውን ተምሮ በ1513 መዝሙረ ዳዊትን በሮማ አሳተመ። ይህም በግእዝ ፊደል ከታተሙት መጻሕፍት ሁሉ የመጀመሪያው ነው። በኛ አገር ልጅ ንባብ የሚፈታው በዳዊት እንደ ሆነ ሁሉ፥ አውሮፓም ግእዝን የጀመረችው በዳዊት መሆኑ ደስ ያሰኛል። ይሁን እንጂ ፖትከን የተማረውን ቋንቋ የከለዳውያን ቋንቋ ነው ብሎ ስለ ጻፈ፥ ስሙን በትክክል ሳይዝ ዳዊቱን የደገመ ተማሪ ሆኖ ቀርቶአል።

ከሠላሳ አምስት ዓመት በኋላ በዚያው ማደሪያ የደብረ ሊባኖሱ መነኵሴ አባ ተስፋ ጽዮን ከባልንጀሮቻቸው ጋር ሆነው አዲስ ኪዳንን በግእዝ ማሳተም ጀመሩ፤ በ1548 እና በ1549 ተፈጸመ። አታሚዎቹ ፊደሉን አያነቡም፤ መነኰሳቱም የማተሚያን ጥበብ አያውቁም። አባ ተስፋ ጽዮንም ይህንኑ ለአንባቢው ገልጠው ለስሕተቱ ይቅርታ ጠይቀዋል። ከእሳቸው ዘንድ የተማረው ማርያኖ ቪቶሪ የሚባለው ኢጣሊያዊ በ1552 የግእዝን ሰዋስው አሳተመ፤ መምህሩ ግን በ1550 ዐርፈው ስለ ነበር የተማሪያቸውን መጽሐፍ አላዩትም።

አሁን ከሁሉ ይልቅ በሰፊው ልናገርላቸው ወደምፈልገው ወደ አባ ጎርጎርዮስ እመለሳለሁ።

አባ ጎርጎርዮስ የአምሐራ ምድር ሰው ናቸው፤ ትውልዳቸውም መካነ ሥላሴ ነው። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የካቶሊክን ሃይማኖት ከተቀበሉት ሊቃውንት አንዱ ስለ ነበሩ፥ ዐፄ ፋሲለደስ ነግሠው ኢየሱሳውያንን ከአገር ባስወጡ ጊዜ እሳቸውም ወጡ፤ ከብዙ መንከራተት በኋላም ከሮማው ማደሪያ ደረሱ። በ1649 አንድ የሃያ አምስት ዓመት ጀርመናዊ ወጣት ወደዚህ ማደሪያ መጣ። ስሙ ሂዮብ ሉዶልፍ ነው። በፓሪስ የስዊድን መልእክተኛ ሮማ ሄዶ ለንግሥት ክርስቲና አንዳንድ የጠፉ ወረቀቶችን እንዲፈልግ ልኮት ነበርና፥ ወረቀቱን ሲፈልግ ሰው አገኘ።

ሉዶልፍ ያን ጊዜ ግእዝን ከታተሙ መጻሕፍት ብቻ ለብቻው አጥንቶ ነበር። መነኰሳቱ መጽሐፍ ሰጥተው አንብብ ባሉት ጊዜ ማንበብ ሲጀምር፥ ይልቁንም አባ ጎርጎርዮስ፥ ሳቃቸውን መቈጣጠር አቃታቸው። ንባቡን ትቶ ትርጓሜውን መናገር ሲጀምር ግን ሳቁ ወደ አድናቆት ተለወጠ፤ ያለ መምህር ይህን ያህል መድረሱን ለማመን ተቸገሩ። ይህን የተረከልን ራሱ ሉዶልፍ ነው።

በዚህ ሳቅ ላይ ጥቂት ማሰብ ይገባል። የኛ ፊደል ድምፅን ሁሉ ይጽፋል እየተባለ ሲመሰገን እንሰማለን፤ ምስጋናው ተገቢ ቢሆንም ሙሉ አይደለም። ፊደላችን ጠብቆ የሚነበበውን ላልቶ ከሚነበበው አይለይም። በአማርኛ «አለ» ብሎ የጻፈ ሰው ተናገረ ማለቱ ይሁን ይገኛል ማለቱ ከአፉ ካልተሰማ አይታወቅም። በግእዝማ ጭራሽ ተነሽ፥ ወዳቂ፥ ተጣይና ሰያፍ የሚባሉ የንባብ ዐይነቶች አሉ፤ ይህን ሁሉ የንባብ መምህር በጆሮ ያስይዘዋል እንጂ በብራናው ላይ ምልክት የለበትም። ተማሪ ወዳቂውን አንሥቶ ሲያነብ የኔታ ከመቅጽበት ያቋርጡታል፤ የጓደኞቹም ሳቅ የትምህርቱ አንድ ክፍል ነው። ሉዶልፍ ቃሉን ያውቃል፥ ትርጕሙን ያውቃል፥ ድምፁን ግን ከማንም አልሰማም። የጎደለውን የሚሞላለት መጽሐፍ ሳይሆን ሕያው ሰው መሆኑን የነገረው ያ ሳቅ ይመስለኛል። ስለዚህ ሳቁን እንደ ንቀት አልቈጥረውም፤ መምህሩ ለተማሪው የሰጡት የመጀመሪያ ትምህርት ነበር።

ሁለቱ በሚገባ የሚግባቡበት ሌላ ቋንቋ ስላልነበራቸው በግእዝ መነጋገር ጀመሩ። ግእዝ በአገሩ የጸሎትና የመጽሐፍ ቋንቋ ከሆነ ብዙ ዘመን አልፎት ነበር፤ እንግዲህ ስለ ምግብና ስለ መንገድ፥ ስለ ዝናምና ስለ እህል በግእዝ መነጋገር ለአባ ጎርጎርዮስ ለራሳቸውም አዲስ ነገር ሳይሆንባቸው አልቀረም። በሰው አገር የሚያስተምር ሰው የገዛ ቋንቋውን ባልለመደው መንገድ መገልገል ግድ ይሆንበታል።

ከሦስት ዓመት በኋላ በ1652 የሳክስ ጎታው መስፍን ኤርንስት፥ ሉዶልፍ በቤተ መንግሥታቸው ያገለግል ስለ ነበር፥ አባ ጎርጎርዮስን ወደ ጀርመን አገር አስጠሩአቸው። ሠላሳ ዓመት የፈጀው ጦርነት ካበቃ ገና አራተኛ ዓመቱ ነበር። ፍሪደንሽታይን የተባለው የመስፍኑ ግንብም በ1643 ተጀምሮ ገና ሥራው አላለቀም ነበር። ወደ ስልሳ ዓመት የተጠጉት መነኵሴ የአልፕስን ተራራ ተሻግረው ከዚህ ግንብ ገቡ። መስፍኑ የሉተር ሃይማኖት ተከታይ ስለ ነበሩ ስለ ኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓትና እምነት፥ ስለ ነገሥታቱና ስለ ሕዝቡ አኗኗር ጥያቄ አቀረቡ፤ ጥያቄና መልሱም ተመዘገበ። የቀረውን ሰዓት ደግሞ ሉዶልፍ ስለ ቃላት፥ ስለ አማርኛ፥ ስለ አገሩ መልክዐ ምድር ይጠይቃል።

ይህን ሁኔታ በሐሳቤ ስመለከተው ከብርዱና ከምግቡ ልዩነት ይልቅ ከባድ የሚመስለኝ ሌላ ነገር ነው። መምህር በአገሩ ሲያስተምር ብቻውን አይደለም። አንድ ቃል ቢዘነጋው ደቀ መዝሙሩ ያስታውሰዋል፤ ቢስት ከማዶ ያለው ሊቅ ይከራከረዋል፤ የሚናገረው ሁሉ በብዙ ጆሮ ይመዘናል። በጎታ ግንብ ውስጥ ግን ከአባ ጎርጎርዮስ በቀር የሚጠየቅ ኢትዮጵያዊ አልነበረም። አዎን ያሉት አዎን፥ አይደለም ያሉት አይደለም ተብሎ ይጻፋል። ስለ ንጉሡ ሲጠየቁ ንጉሡን፥ ስለ ገበሬው ሲጠየቁ ገበሬውን፥ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ሲጠየቁም ትተውት የወጡትን ሃይማኖት ወክለው መመለስ ነበረባቸው። ይህ የመጨረሻው እጅግ አስቸጋሪ ነው። ከአገሩ ሃይማኖት ተለይቶ የተሰደደ ሰው ያን ሃይማኖት ለባዕድ ሲያስረዳ ለማንቋሸሽ ቢፈተን አይደንቅም። ሉዶልፍ ግን ከእሳቸው በሰማው ላይ ተመሥርቶ የጻፈው የኢትዮጵያ ታሪክ፥ ኢየሱሳውያን ከጻፉት ይልቅ ለአገራችን ክብር ያለው መሆኑን ሳይ፥ መነኵሴው ለተሰደዱባት አገር ታማኝ ምስክር እንደ ነበሩ እፈርዳለሁ። በርግጥ ሉዶልፍ ራሱ የካቶሊክ ወገን አለመሆኑ አንድ ምክንያት ነው፤ ይህም መዘንጋት የለበትም።

አባ ጎርጎርዮስ በጎታ የቈዩት ጥቂት ወራት ብቻ ነው። የሰሜኑ ብርድ ሳይበረታ ወደ ኢጣሊያ ተመለሱ፤ ከዚያም ለሉዶልፍ በግእዝ ደብዳቤ ይጽፉለት ነበር። ትምህርቱ በጽሑፍ ቀጠለ ማለት ነው። በ1658 ወደ አገራቸው ለመመለስ ተነሥተው በመርከብ ሲጓዙ በእስክንድሮና አጠገብ መርከቡ ተሰብሮ ሞቱ። ከአገር ከወጡ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖአቸው ነበር።

ተማሪው የቀረውን ዕድሜውን ሁሉ በዚያ ትምህርት ላይ አዋለው። በ1661 የግእዝን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት፥ በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ፥ በ1691 የታሪኩን ማብራሪያ አሳተመ። በ1698፥ ሰባ አራት ዓመት ሲሆነው፥ የአማርኛን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አወጣ፤ በማተሚያ የወጣ የመጀመሪያው የአማርኛ ሰዋስው ይህ ነው። መምህሩ ከሞቱ አርባ ዓመት ሆኖአቸዋል። ስለ ሉዶልፍ መመስከር ያለብኝ ግን፥ የመምህሩን ስም አለመደበቁን ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ይህን ጎርጎርዮስ ነገረኝ እያለ ደጋግሞ ይጠራቸዋል፤ ሥዕላቸውንም በ1691ዱ መጽሐፍ አሳትሞአል። እኛም ዛሬ መልካቸውን የምናውቀው በዚሁ ነው። በሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ በሉዶልፍ ስም የተሰየመ የኢትዮጵያ ጥናት ማእከል ተቋቁሞአል፤ ለሉዶልፍ የሚገባው ነው። ለመምህሩስ በትውልድ አገራቸው ምን ተሰየመላቸው ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አላጋጠመኝም።

ስለ አቡ ሩሚ በአጭሩ ልናገር። እኚህ የጎጃም ሰው ብዙ አገር ዞረው በመጨረሻ ካይሮ ሲደርሱ፥ አስለን ደ ሸርቪል ከሚባል የፈረንሳይ ቈንስላ ሹም ጋር ተገናኙ። ለዐሥር ዓመት ያህል በየሳምንቱ ማክሰኞና ቅዳሜ ፈረንሳዊው ደጁን ዘግቶ ከእሳቸው ጋር ይቀመጥ ነበር፤ ከዐረብኛውም እየተመለከቱ መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ ወደ አማርኛ መለሱት። በሳምንት ሁለት ቀን፥ ዐሥር ዓመት! የዛሬ መምህራን የክፍለ ጊዜያቸውን ብዛት ሲያማርሩ ይህን ቢያስቡት መልካም ነው። አቡ ሩሚ በ1819 በወረርሽኝ በካይሮ ሞቱ፤ አራቱ ወንጌላት ታትመው የወጡት በ1824 ነው። በዚህም ረገድ የአባ ተስፋ ጽዮንና የአባ ጎርጎርዮስ ዕድል ደረሰባቸው።

በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። የአድዋ ድል ኢትዮጵያን የውል ተዋዋይ መንግሥት ስላደረጋት፥ አማርኛን ለጸሎት ወይም ለምርምር ሳይሆን ለጉዳይ የሚፈልጉ ተማሪዎች በዙ። የዘጌው ተወላጅ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ከ1902 ጀምሮ በናፖሊ የምሥራቅ ትምህርት ቤት አማርኛን አስተማሩ። ለተማሪ የሚሆን መጽሐፍ በእጅ አልነበረምና ሰዋስውንም ማንበቢያውንም ራሳቸው ጻፉ፤ በ1908 በሮማ የታተመው «ልብ ወለድ ታሪክ» የአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ መሆኑን ማንም ተማሪ ያውቃል። በጠላት ወረራ ዘመን የያዙት መንገድ ግን ስማቸውን የሚያጠቁር ነው፤ እሱን ለሌላ ጊዜ ትቼዋለሁ። በዚያው በ1908 ለፈረንሳይኛ ተናጋሪ መንገደኞች ባዘጋጁት የምልልስ መጽሐፍ ውስጥ የአገራቸውን አስተዳደር አምርረው ተችተዋል። ትችቱ ሁሉ ሐሰት ነው አልልም፤ ብዙው እውነት ነው። ነገር ግን ባዕድ ተማሪ የመጀመሪያዎቹን የአማርኛ ዐረፍተ ነገሮች የሚለማመደው በአገሩ ወቀሳ ሲሆን፥ ከቋንቋው ጋር የሚቀበለው ሌላ ነገር እንዳለ መምህሩ ማሰብ ነበረባቸው። በጎታ ስደተኛው መነኵሴ አንደበታቸውን ጠብቀው ነበርና።

አለቃ ታዬ ገብረ ማርያም የሄዱበት ሁኔታ ከቀደሙት ሁሉ የተለየ ነው። ተሰድደው ወይም ለመሳለም ወጥተው አይደለም፤ በይፋ ተልከው ነው። የይፋጉ ተወላጅ አለቃ ታዬ በምፅዋ አጠገብ በእምኵሉ የስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ተምረው፥ የግእዝ ሰዋስዋቸውንም በዚያው አሳትመው፥ በሊቅነታቸው የታወቁ ሰው ነበሩ። በ1905 ኢትዮጵያና ጀርመን የወዳጅነትና የንግድ ውል ሲዋዋሉ፥ በበርሊን የምሥራቅ ቋንቋዎች ትምህርት ቤት ግእዝና አማርኛ የሚያስተምር ኢትዮጵያዊ ተፈልጎ ዳግማዊ ምኒልክ እሳቸውን ላኩ። ትምህርት ቤቱ በ1887 የተቋቋመው ወደ ሩቅ አገር የሚላኩ ሹማምንትንና ነጋዴዎችን ለማሰልጠን ነበር። እንግዲህ በወንበሩ ላይ ከተቀመጡት ብዙዎቹ ለቅኔ ምሥጢር ግድ የሌላቸው፥ በቶሎ ተምረው በቶሎ ለመሄድ የሚቸኵሉ ሰዎች ነበሩ ብሎ መገመት ይቻላል። ከመካከላቸው ግን አንድ እውነተኛ ሊቅ ነበር፤ ኤውጌን ሚትቮኽ ይባላል፤ በ1907 ከሕዝብ አፍ የተወሰደ የአማርኛ ንግግር ናሙና አሳተመ።

አለቃ ታዬ ከሦስት ዓመት በኋላ በ1908 ወደ አገራቸው ተመለሱ። በአውሮፓ ቤተ መጻሕፍት የተከማቹትን የኢትዮጵያ መጻሕፍት በዐይናቸው ያዩ፥ የአገራቸውም ታሪክ በሌሎች እጅ እንዴት እንደሚጻፍ የተረዱ ሰው ሆነው ነበር የተመለሱት። ከዚያ ወዲህ ታሪክ ለመጻፍ መትጋታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። አቀባበሉ ግን የሚገባቸውን ያህል አልነበረም፤ በሃይማኖት ነገር ተከስሰው ታስረዋል። በበርሊን ወንበር ተዘርግቶላቸው ያስተማሩ ሊቅ በአገራቸው በሰንሰለት መያዛቸውን ስናነብ ማዘን ብቻ ሳይሆን መጠየቅ ይገባናል፤ ከውጭ የሚመለሰውን መምህር ያየውን እንዲነግረን ሳይሆን የተለወጠውን እንዲያምንልን ለመመርመር የምንቸኵለው ለምንድን ነው? «የኢትዮጵያ ሕዝብ ታሪክ» የተባለው መጽሐፋቸው በ1922 በአስመራ ታተመ፤ እሳቸውም በ1924 ዐረፉ።

በ1926 ኤውጌን ሚትቮኽ በበርሊን አንድ መጽሐፍ አወጣ። ስለ ግእዝ ቃላት ትርጕም ወይም ስለ ታሪክ አይደለም፤ ኢትዮጵያውያን ግእዝን በልማድ እንዴት እንደሚያነቡ፥ የቱን ጠበቅ የቱን ላላ እንደሚያደርጉ፥ ድምፃቸውንም የት ላይ እንደሚያነሡ የሚናገር ነው። ከመጽሐፍ አልቀዳውም፤ ከኢትዮጵያውያን አፍ የሰማውን ነው የጻፈው። በ1649 በቅዱስ እስጢፋኖስ ማደሪያ አባ ጎርጎርዮስን ያሳቀው ጉድለት ከሁለት መቶ ሰባ ሰባት ዓመት በኋላ በወረቀት ላይ ሊሞላ ተሞከረ።

ሚትቮኽ በኋላ የዚያው ትምህርት ቤት አለቃ ሆነ። ነገር ግን አይሁዳዊ ነበርና በ1935፥ ኢጣሊያ አገራችንን በወረረችበት ዓመት፥ የሒትለር መንግሥት ከመምህርነቱ አስወጣው። ከጥቂት ዓመት በኋላም አገሩን ጥሎ ወደ እንግሊዝ ተሰደደ፤ በ1942 በለንደን ሞተ።